መርፌው ለእኔ ደረሰ፣ ለእህቴ ግን ዘገየ

ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ጽሑፍ እየተጣመመ መሆኑን መጀመሪያ የነገሩኝ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ናቸው። አንድ ቀን የሒሳብ ጥያቄ ጽፌ ዞር ስል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «ምን ሆናችሁ?» ብላቸው ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ጽሑፉ ቁልቁል እየወረደ ነው» አለችኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ። ተመልሼ ሳየው ግን ለእኔ ጽሑፉ ቀጥ ያለ ነበር። የተጣመመብኝ የሰሌዳው ጠርዝ ነው።

ማርታ እባላለሁ። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። የስኳር ሕመም አለብኝ። እናታችንም ነበረባት፤ እኔ ልጅ ሳለሁ የሞተችውም በሱው ነው። ከዚያ በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ አማረች ናት። እትዬ ነው የምላት። መናኸሪያ አካባቢ በከፈተቻት ትንሽ የጨርቅ ሱቅ እኔን አስተምራ፣ ድራ፣ ልጆቼንም አዝላ አሳድጋልኛለች። እሷ ራሷ ባሏ ቀድሟት ልጅ ሳትወልድ ቀርታለች። ስኳሩ እሷንም አልማራትም፤ ግን ስለሱ ሲነሳ «የእኔ ትንሽ ነው፣ በክኒን ነው ያለሁት» ብላ ወሬውን ትቀይረዋለች።

ዓይኔን በመጀመሪያ ይዤው የሄድኩት መነጽር ቤት ነበር። «የዕድሜ ነው» ብለው መነጽር ሠሩልኝ። አደረግሁት፤ የተጣመመው እንደተጣመመ ቀረ። ቀጥሎ በሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። አለርጂ ነው ተባልኩና የዓይን ጠብታ ታዘዘልኝ። ጠብታው ሲያልቅ ሌላ ገዛሁ። በመጨረሻ ጤና ነክ ነገር ያውቃል የሚባል የሰፈር ሰው ዓይኔን በባትሪ አይቶ «ሞራ ነው። እስኪበስል ጠብቂና ይገፈፍልሻል» አለኝ። እኔም አመንኩና መጠበቅ ጀመርኩ። አሁን ሳስበው ያ የመጠበቅ ጊዜ ነው ግራ ዓይኔን የበላብኝ።

እየቆየ የሰው ፊት ይጠፋብኝ ጀመር። ዳር ዳሩ ይታየኛል፤ ጸጉሩ፣ ጆሮው፣ ሻርፑ አለ። መሃሉ ላይ ግን አንድ ሰው በእርጥብ ጣቱ ያበላሸው ይመስላል። በመንገድ የሚያልፉኝን ሰዎች መለየት ስላቃተኝ ሰላም ሳልል አልፋለሁ። «ማርታ ኮራች» ተባለ። ባለቤቴ ዳንኤል የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ወሬው ሁሉ እሱ ጋ ይደርሳል። አንድ ማታ እራት ላይ ተቆጣ።

«የጎረቤታችንን ሚስት ዛሬ በር ላይ ቆማ ሰላም ስትልሽ ዘግተሻት አለፍሽ አሉ። ሰው ምን አድርጎሽ ነው?»

«ዳኒ፣ አላየኋትም እኮ።»

«ፊት ለፊትሽ ቆማ?»

ምን ብዬ ላስረዳው? የሱም ፊት ፊት ለፊቴ ሆኖ እንደማይታየኝ ልነግረው ፈራሁ። ተነሥቼ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ። በማግስቱ ነገሩን ለእትዬ ነገርኳት። ሱቋን ዘጋች። «ተነሽ» አለችኝ፣ «በሰፈር ሰው ባትሪ ዓይን አይታከምም»። ወደ ዓይን ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። ጠብታ አድርጋ የዓይኔን ብሌን ካሰፋች በኋላ ደማቅ መብራት እያበራች ውስጡን አየች፤ ከዚያም በመሣሪያ ፎቶ አነሳችው። ፎቶውን እያሳየች ለሁለታችንም አስረዳችን። «በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበል ስስ መጋረጃ አለ። ስኳሩ እዚያ ያሉትን ትንንሽ የደም ሥሮች ስለጎዳቸው ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ነው። መጋረጃው መሃሉ ላይ ውኃ ቋጥሮ አብጧል። ለዚህ ነው መስመር የሚጣመምብዎት። ሞራም አለርጂም አይደለም።»

«መድኃኒት አለው?» አለች እትዬ ቀድማኝ።

«አለው። በመርፌ ነው የሚሰጠው።»

ክንዴን እያሸሁ «መርፌ እንኳ ለምጃለሁ» አልኩ።

ሐኪሟ ወደ ፎቶው አመለከተች። «ክንድዎ ላይ አይደለም። ዓይንዎ ውስጥ ነው።»

ቀኝ ዓይኔ ተስፋ እንዳለው፣ ግራው ግን ብዙ ስለዘገየ መርፌውን ቢወጋም እንደ ድሮው እንደማይመለስ ነገረችኝ። የመጀመሪያውን አልሰማሁም፤ ሁለተኛውንም አልሰማሁም። «ዓይንዎ ውስጥ» የሚለው ብቻ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው።

ቤት ስንደርስ ዳንኤል ከእኔ ይበልጥ ደነገጠ። «ጤነኛ ሰው ዓይኑን ያስወጋል? ቢያፈሱትስ? የጸሎት ቡድኑ ይምጣና ይጸልይልሽ፤ ትንሽ እንቆይ» አለ። ስለ ወጪውም አሰበ፤ አልፈርድበትም፤ መርፌው ተደጋጋሚ ነው፣ ቀላልም አይደለም። እትዬ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ መለሰችለት።

«ጸሎቱንም እንጸልያለን፣ መርፌውንም ትወጋለች። ጌታ ሐኪሞቹን በከንቱ አልፈጠራቸውም። አንተ ሥራህን ሥራ፤ ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ።»

ይዛኝም ሄደች። አንድም ቀን ሳትቀር።

መርፌ የሚወጋበት ቀን የተራ መጠበቂያው ክፍል ልዩ መልክ አለው። ነርሷ እየዞረች ለሁሉም ጠብታ ታደርጋለች፤ ጠብታ የገባለት ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወደ ኋላ ያስደግፋል። ክፍሉ በሙሉ አብሮ የሚጸልይ ይመስላል። እዚያ ውስጥ ማንም ስለ ሥራው፣ ስለ ሀገሩ አይጠያየቅም። ጥያቄው አንድ ነው፦ «የትኛው ዓይንሽ ነው?»

በመጀመሪያው ቀን ከአጠገቤ የተቀመጡት ከሻሸመኔ የመጡ አባባ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ እህል ነጋዴ ነበሩ። ደጋግሜ ብድግ ቁጭ ስል ወንበሩ ስለተነቃነቀባቸው ነው መፍራቴን ያወቁት።

«የመጀመሪያሽ ነው?»

«አዎ፣ አባባ። እርስዎስ?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ። ስሚኝ ልጄ፤ መርፌው ሲመጣ አታዪውም። ከጎን ነው የሚገባው። የሚያሰቃየው ይሄ አሁን የተቀመጥንበት ነው። እዚህ ተቀምጠሽ በሐሳብሽ ደጋግመሽ ትወጊያለሽ፤ እዚያ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

«ያማል?»

«ዋሽቼ አላውቅም» አሉ እየሳቁ፤ «ነጋዴ ሆኜ ሳለሁ ካልሆነ በቀር። ትንሽ ይጫንሻል። ከዚያ አለቀ።»

ስሜ ሲጠራ እትዬ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ውስጥ አስተኝተው ፊቴን መሃሉ ቀዳዳ በሆነ ጨርቅ ሸፈኑት። የሚያደነዝዝ ጠብታ ደጋግመው አደረጉ፤ ዓይኔንና ዙሪያውን በሚያቃጥል ቡናማ መድኃኒት አጠቡ፤ እንዳልጨፍን የዓይኔን ቆብ የሚይዝ ትንሽ ብረት አስገቡ። «ወደ ላይ ይመልከቱ፣ አይንቀሳቀሱ» አለች ሐኪሟ። አንድ ሰው እጄን ያዘኝ፤ ነርሷ ናት። ያቺ ነርስ ስሟን አላውቀውም። እጇ ሞቃት ነበር። አባባ ከድር እንዳሉት ተጫነኝ፣ አለቀ። በዓይኔ ውስጥ ጥቁር ክብ ነገሮች እንደ አረፋ መንሳፈፍ ጀመሩ። «የሚጠፉ ናቸው፣ አይፍሩ» አሉኝ። ያን ዕለት ማታ ዓይኔ አሸዋ የተበተነበት ያህል ቆረቆረኝ፤ ብታወር ምን እሆናለሁ እያልኩ ሳላንቀላፋ ነጋ። በቀጣዩ ቀን አረፋዎቹ ጠፉ፤ ቁርቆራውም ለቀቀኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው ተመላለስን። ከእኛ ጋር የነበሩ ሁሉ አልዘለቁም። አንዲት ሴት ጠብታው ከገባላት በኋላ ስሟ ሲጠራ ብድግ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች፤ ዳግመኛ አላየናትም። አባባ ከድር ግን ሁልጊዜ ነበሩ፤ «ቁርአኔን በገዛ ዓይኔ እያነበብኩ ልሙት እንጂ ሌላ አልፈልግም» ይሉ ነበር።

መሻሌን ያወቅሁት ቤቴ ውስጥ ነው። ጠዋት ዳንኤል ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ቀና ብዬ አየሁትና «መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?» አልኩት። ጢሙ ነጭ ሆኗል። ስቆ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። ማሰሪያውን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ስለ መርፌው አንድም ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ።

ከመርፌው በኋላ የሚታዘዘውን ጠብታ እቤት የምታደርግልኝ እትዬ ነበረች። ጠብታው ጉንጬ ላይ፣ አንዳንዴም ግንባሬ ላይ ይወድቃል። «እጅሽ ምን ሆነ?» ስላት «አርጅቻለሁ እኮ» ብላ ትስቃለች። አንዲት ደንበኛዋ ለለቅሶ ጥቁር ጨርቅ ጠይቃ ሰማያዊ ቆርጣ እንደሰጠቻት ስሰማ የሱቋን ጨለማነት ነው ያማረርኩት። አንድ ቀን ደግሞ ሐኪሟ ምርመራዬን እንደጨረሰች ወደሷ ዞራ ጠየቀቻት።

«እርስዎስ? ስኳር አለብዎት?»

«ትንሽ አለችብኝ።»

«ዓይንዎን ተመርምረው ያውቃሉ? ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ባያመውም መታየት አለበት።»

«እኔ አስታማሚ ነኝ፣ ዶክተር» አለች እትዬ ቦርሳዬን አንሥታ። «የሷ ይለቅና እመጣለሁ።»

ሐኪሟ አጥብቃ ነገረቻት። እትዬም «እሺ፣ እሺ» አለች። እኔም ትመጣለች ብዬ አሰብኩ።

ነገሩ የታወቀው ከመርፌ ስንመለስ ነው። ከቀትር በኋላ ነው። ቀኝ ዓይኔ ተሸፍኗል፤ የሚያየው ያ የደከመው ግራ ዓይኔ ብቻ ነው። እትዬ እንደ ወትሮዋ ክንዴን ይዛ አስፋልቱን ልታሻግረኝ አንድ እግሯን አወረደች። በዚያች በደከመች ዓይኔ ጠርዝ ሰማያዊ ነገር ሲመጣ አየሁ። ባጃጅ ነበር። ባለኝ ጉልበት ወደ ኋላ ጎተትኳት፤ ሁለታችንም የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን ማለት ይቻላል። ባለ ባጃጁ እየተሳደበ አለፈ።

«እትዬ! አላየሽውም?»

ሻርፗን አስተካከለች።

«እትዬ፣ አላየሽውም ወይ?»

«በዚህ በኩል ማየት ካቆምኩ ቆየሁ፣ ማርትዬ» አለች።

የትራፊኩ ጩኸት ከጆሮዬ ራቀ። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ያንቺ መርፌ ሳይጀመር ትንሽ ብዥ ይልብኝ ነበር። ከዚያ እየባሰ ሄደ። ባንደኛው እያየሁ ነዋ የማመላልስሽ። እሱም ሰሞኑን የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ይሄድበታል።»

«ለምን አልነገርሽኝም? እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠሽ!»

«ብነግርሽ ያንቺን ትተሽ የእኔን ነበር የምትይዢው፤ አውቅሻለሁ። ሁለታችንም ታመምን ካልን ደግሞ ማን ማንን ይመራል? መጀመሪያ አንቺ ትዳኚ አልኩ። ልጆች አሉሽ፤ ተማሪዎች አሉሽ።»

እዚያው ተነሥተን ወደ ክሊኒኩ ተመለስን። ያን ያህል መንገድ በየአንድ ደካማ ዓይናችን እንዴት እንደሄድን እግዚአብሔር ያውቃል። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ መብራቱን አጥፍታ እንደገና አበራች። ከዚያ ያየችውን ነገረችን። ግራው ዓይን ውስጥ መጋረጃው ከቦታው ከተላቀቀ ሰንብቷል። በቀኙም የደም ሥሮቹ ደም ማፍሰስ ጀምረዋል፤ መጋረጃውንም እየጎተቱት ነው።

«ለምን እንዲህ ዘገዩ፣ እናቴ?» አለች ሐኪሟ። እንደ ሐኪም አልነበረም፤ እንደ ልጅ ነው የጠየቀቻት።

«አልዘገየሁም እኮ» አለች እትዬ። «ሁልጊዜ እዚሁ ነበርኩ። ውጪ ወንበሩ ላይ።»

ሐኪሟ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚልከንን ወረቀት መጻፍ ጀመረች። 

በፍጥነት ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ዳንኤል ሚኒባሱን ከሥራ አውጥቶ ራሱ ነዳ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አደረጉ። ፋሻው ሲነሣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሙ ጣቱን ከፍ አድርጎ «ስንት ነው?» አላት። እትዬ ፈገግ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ቀን ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ያላት ያ ብቻ ነው፦ ብርሃንና ጨለማን መለየት።

ስንመለስ መሃላችን አስቀመጥናት። ዝዋይ ደረስን፣ አሁን አህያ የጫኑ ሰዎች አለፉ፣ አሁን ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች መንገድ ዳር ቆመዋል እያልኩ ሳላቋርጥ እነግራታለሁ። ዝም ካልኩ አለቅሳለሁ ብዬ ነው። ሻሸመኔን እንዳለፍን እጄን ነካ አደረገችኝ።

«አሁን ተዪው፣ ማርትዬ። ከዚህ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ እሷ መናገር ጀመረች። አሁን መንገዱ ይታጠፋል፣ አሁን በቀኝ በኩል ዛፎቹ፣ አሁን ሐይቁ ብልጭ ይላል እያለች እስከ ቤታችን ድረስ መራችን። አልፎ አልፎ ትሳሳት ነበር። ዳንኤልም እኔም አላረምናትም።

አሁን እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ሱቁ ተዘግቷል። ሁልጊዜ ጠንካራ ናት ብዬ አልዋሽም። መጀመሪያ ሰሞን የሰጠኋትን ምሳ ሳህኑን ሳታገኘው ደፍታው፣ ልጠርግ ጎንበስ ብዬ «ይቅርታ» ስላት ጮኸችብኝ። «በቃ! ይቅርታ አትበይኝ! አንቺ ምን አደረግሽ?» ከዚያ ሁለታችንም የፈሰሰው ወጥ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ሕመሙ የወሰደባት ዓይኗን ብቻ አይደለም። ለሰው ስትሮጥ የኖረች ሴት፣ አሁን ውኃ ለመጠጣት ሰው መጥራት አለባት።

ይህን የምጽፈው የሚያነበው ሰው ስኳር ካለበት አንድ ነገር ልለምነው ነው። የስኳር ሕመም ዓይንን ሲጎዳ ሕመም የለውም፤ አያቀላም፣ አያሳክክም። የሚያይ ዓይን ይዘህም ሄደህ ታይ። መነጽር ቤት አይበቃም፤ ብሌን አስፍቶ ውስጡን የሚያይ ሐኪም ጋ ሂድ። መርፌውን የምትፈራ ካለሽ እኔም ፈርቼ ነበር፤ ከመርፌው ይልቅ መዘግየቱ ነው የሚያስፈራው። ሰው ይዛችሁ ክሊኒክ የምትመላለሱ ደግሞ፣ እናንተም ስኳር ካለባችሁ፣ እዚያው ወንበር ላይ ሳላችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። የምታስታምሙት ሰው ቢድንም እናንተን አጥቶ ደስታው አይሞላለትም።

እኔ አሁንም እወጋለሁ፤ ቀጠሮው እየራቀልኝ ነው። እትዬ ቤት ቅሪ ብትባልም እምቢ ብላ አብራኝ ትሄዳለች። ባለፈው ስንሄድ ከመርፌው በፊት ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት አስነበቡኝ። በቀኝ ዓይኔ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ከታመምኩ ወዲህ ደርሼበት የማላውቀው የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ። አነበብኩት። ነርሷ አጨበጨበች፤ ሐኪሟም ከወንበሯ ተነሣች። እኔ ግን በሩን ይዤ ቆምኩ። ወደ ውጭ ወጥቼ ምን ብዬ ነው የምነግራት?

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኩ ባጭሩ።

«ደህና ማለት ምን ማለት ነው? እስከየት አነበብሽ?»

«እስከ ታች።»

«እስከ መጨረሻው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ምን ይላል?»

አንድ በአንድ ነገርኳት። እያንዳንዱን ፊደል ከእኔ ቀጥላ ቀስ እያለች ትደግመዋለች። ስጨርስ እጇን ዘርግታ ፊቴን ፈለገች፤ አገኘችው። ጉንጬን በሁለት መዳፏ ይዛ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ጌታ ሆይ ተመስገን! ይህን አሳየኸኝ!» አለች።